ይወርዳል እያልን የገዛነው ቤት

በየክፍሉ እንደሚታወቀው፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ በሻይ ክበቡ የሚደራው ጨዋታ ከየትም ይነሣ ከየትም ማረፊያው ቤት ነው። አንዱ የኪራዩን ውድነት ያነሣል፤ ሌላው የኮንዶሚኒየም ተራውን ይቆጥራል፤ ሦስተኛው፣ ብዙውን ጊዜ ገና ያላገባ ወጣት መኮንን ነው፣ «የቤት ዋጋ ሊወርድ ነው እየተባለ አሁን የሚገዛ ሰው ሞኝ አይደለምን?» ሲል ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ለእኛም በተደጋጋሚ ቀርቦልናል። መልሱን በቃል ልንሰጥ ሞክረን ሳንጨርሰው ሻዩ እየቀዘቀዘ ስላስቸገረን፣ በዚህ በቤተሰብ ዓምድ በጽሑፍ ልናቀርበው ወሰንን።

ይህን የምንጽፈው ባልና ሚስት ሆነን ነው። አንዳችን ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ በሠራዊቱ ውስጥ ያለ ሲሆን፣ አንዳችን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ስለ አንዳችን ብቻ መናገር ሲያስፈልግ «ወታደሩ» ወይም «መምህርቷ» እንላለን፤ ከዚያ በቀረ ግን የተናገርነውም የተሳሳትነውም አብረን ነው።

ቤቱን የገዛነው በጥር ወር 2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ጀሞ በሚባለው ሰፈር ነው። ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ሲሆን በአራተኛው ፎቅ ላይ ይገኛል፤ ሊፍት የለውም። ዋጋው 1,450,000 ብር ነበር። በዚያን ወቅት የቤት ዋጋ እንደሚወርድ እኛም እናምን ነበር። ጠርጥረን አይደለም፤ አምነን ነው። መምህርቷ በሒሳብ ደብተር ላይ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ ጽፋ አስቀምጣቸው ስለነበር፣ ዛሬ ያንን ደብተር ገልጠን ስናነበው ያሰብነውን መካድ አንችልም።

የመጀመሪያው ምክንያት ዶላር ነበር። በ2010 ዓ.ም. ክረምት በጥቁር ገበያ የዶላር ዋጋ በድንገት አሽቆልቁሎ፣ ገንዘባቸውን በዶላር ደብቀው የነበሩ ሰዎች ወደ ባንክ ሲሮጡ አይተናል። ቤትም በዶላር የሚታሰብ ዕቃ እየሆነ ስለመጣ፣ ዶላሩ የወረደበት መንገድ ቤቱንም ይዞት ይወርዳል ብለን ገመትን። ሁለተኛው ምክንያት የኮንዶሚኒየሙ ብዛት ነበር። በኮዬ ፈጬና በሌሎችም ሥፍራዎች ተሠርተው ዕጣ የሚጠብቁ ቤቶች በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ እንደሆኑ ይወራ ነበር። እነዚያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲተላለፉ ተከራይ ባለቤት ይሆናል፣ ኪራይ ይቀንሳል፣ ሻጭም ይበዛል። ሦስተኛው ምክንያት ደላሎቹ ራሳቸው ነበሩ። ደላላ «ቸኩል» ሲልህ ገበያው ቀዝቅዟል ማለት ነው የሚል ጽኑ እምነት ነበረን፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ በቀን ሦስት ጊዜ ይደውሉልን ነበር።

እነዚህ ምክንያቶች የሰነፍ ወሬ አልነበሩም። በእርግጥም የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ማለትም ውሉን ከፈረምን ሁለት ወር ሳይሞላ፣ 51,229 ቤቶች በአንድ ቀን ዕጣ ወጣባቸው። እኛም በ1997 ዓ.ም. ከተመዘገቡት መካከል ነበርን። የዚያን ዕለት ማታ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠን፣ ከገዛነው ቤት ውስጥ ሆነን፣ ስማችንን ፈለግን። አልነበረም። ቢወጣልን ኖሮ ደስ ይለን ነበር ወይስ እናፍር ነበር፣ እስከ ዛሬ አልተስማማንበትም። (ቤት የገዛ ሰው በዕጣው ውስጥ የመቆየት መብት የለውም የምትሉን ካላችሁ፣ እውነት ብላችኋል፤ ከዚያ በኋላ ተራችንን ለቅቀናል።)

ከሁሉ የከበደው ምክር ግን የመጣው ከሩቅ አገር ነበር። የመምህርቷ ታላቅ ወንድም፣ ሁላችንም ወንድም ጋሼ የምንላቸው፣ ከዋሽንግተን ከተማ በስተደቡብ በቨርጂኒያ፣ ውድብሪጅ በሚባል ሥፍራ ይኖራሉ። ወንድም ጋሼ በ1997 ዓ.ም. በፈረንጆቹ 2005 መሆኑ ነው፣ ታክሲ እየነዱ ባጠራቀሙት ገንዘብና በባንክ ብድር እዚያው ቤት ገዝተው ነበር። በዚያን ጊዜ ፎቶግራፉን ልከውልን፣ ከፊት ለፊቱ ሣር ያለበትን ያንን ቤት እናታቸው በግድግዳ ላይ ሰቅለውት ነበር። በአሜሪካ አገር የቤት ዋጋ በ2006 ከጫፍ ደርሶ ቁልቁል ሲሄድ፣ ያ አካባቢ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ሆነ። የብድሩ ወለድ በውሉ መሠረት ከፍ አለ፤ ቤቱ የሚያወጣው ዋጋ ካለበት ዕዳ አነሰ፤ በ2008 መጨረሻ ባንኩ ቤቱን ወሰደው። ያ ፎቶግራፍ ግን ከእናታቸው ግድግዳ አልወረደም። እሳቸውም ለእናታቸው አልነገሯቸውም።

እንግዲህ ይህ ሰው ናቸው በታኅሣሥ ወር 2011 ዓ.ም. ደውለው የተቆጡን። «እኔ ሰው ሁሉ ይወጣል ሲል ገዝቼ ነው የተቃጠልኩት። እናንተ ደግሞ ይወርዳል እያላችሁ፣ ራሳችሁ አምናችሁበት፣ ልትገዙ ነው? እኔ እንኳ እንደዚህ ያለ ዕብደት አላበድኩም» አሉን። ለወትሮው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ነበሩ። መምህርቷ «ጋሼ፣ እርስዎ የገዙት በባንክ ገንዘብ ነው፤ እኛ የምንገዛው በራሳችን ነው» ብላ ልታስረዳቸው ሞከረች። «የራስ ገንዘብ ሲጠፋ አያምም ያለሽ ማነው?» አሏት። ለዚህ መልስ አልነበራትም።

ታዲያ ለምን ገዛን?

ከጋብቻችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ሰባት የኪራይ ቤቶች ቀያይረናል። ከነዚህ ውስጥ ሁለቱን የለቀቅነው ወታደሩ ወደ ሌላ ክፍል በመዛወሩ ነው፤ ይህ የሙያችን ጠባይ ስለሆነ አናማርርበትም። አምስቱን የለቀቅነው ግን ኪራይ በመጨመሩ፣ ወይም የባለቤቱ ልጅ በማግባቱ፣ ወይም ደግሞ ምክንያት ሳይነገረን «በሠላሳ ቀን ውስጥ» በመባላችን ነው። አንደኛው አከራያችን ወታደሩ በግዳጅ ላይ ሳለ ነበር መምህርቷን ያስወጧት። ስማቸውን አንጠራም፤ እሳቸውም የራሳቸው ችግር ነበረባቸው ይሆናል። የዚያን ቀን አይሱዙ ላይ ዕቃ ያወረዱትና የጫኑት የትምህርት ቤቱ ዘበኛና ሁለት የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ።

ሁለት ልጆች አሉን። ታላቁ በ1999፣ ታናሺቱ በ2002 ዓ.ም. ተወለዱ። በስድስተኛው ቤት ሳለን ታናሺቱ መጻሕፍቷንና መጫወቻዎቿን የያዘውን ካርቶን እንደታሰረ በአልጋዋ ሥር አስቀምጣ፣ የምትፈልገውን ዕቃ በጎኑ ቀዳዳ አበጅታ በእጇ እየጎረጎረች ስታወጣ አገኘናት። «ለምን ሲባጎውን ፈተሽ ዕቃሽን በመደርደሪያ አታደርጊም?» ብንላት፣ «መልሶ ለማሰር ያስቸግራል» አለችን። የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ለማስለቀስ ብላ አልተናገረችውም፤ የቤት አያያዝ ልምዷን ነበር የነገረችን። በሰባተኛውም ቤት ካርቶኑ እንደታሰረ ቆየ።

በዚህ ላይ ስለ አንድ ሌላ ቤት ማውሳት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የእኛ ውሳኔ አይገባም። የወታደሩ አባትም ወታደር ነበሩ፣ በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ። በግንቦት ወር 1966 ዓ.ም. የጭቃ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያላት ባለ ሦስት ክፍል ቤት በ1,800 ብር ገዙ። ጊዜው የአብዮት ጊዜ ነበር። የመሬት ጥያቄ በየአደባባዩ ይጮህ ስለነበር፣ ጓደኞቻቸው «አሁን ቤት የሚገዛ ምን ዓይነት ሰው ነው? ነገ የሚሆነውን ማን ያውቃል?» ይሏቸው ነበር። አባታችን ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው ገዙ፤ እንዲያውም ከጎኗ ሊያከራዩአት ሌላ ባለ ሁለት ክፍል ቤት አሠሩ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ የመኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ። የምትከራየው ትንሿ ቤት፣ ኪራይዋ ከ100 ብር በታች ስለነበረ፣ ወደ ቀበሌ ሄደች። አባታችን በገንዘብ ሒሳብ ከሄድን ከገዙ በዓመቱ ከስረዋል። የመከሯቸው ጓደኞቻቸው ልክ ነበሩ። ትልቋ ቤት ግን ለቤተሰቡ ቀረች፤ ስድስት ልጆችም አደጉባት።

በ1982 ዓ.ም. አባታችን ከሰሜን ግንባር አልተመለሱም። ወታደሩ ያን ጊዜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። እናታችን እንጀራ እየጋገሩ ሲሸጡ፣ በኋላም በግቢው በር ላይ ጉሊት ሲዘረጉ፣ ብዙ ነገር ጎድሏቸዋል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የወታደር ሚስቶች ሁሉ ግራ በተጋቡበት ጊዜ ወሩ ገብቷልና ውጡ ብሎ በራቸውን የሚያንኳኳ ግን አልነበረም። ቀበሌ የወሰዳት ትንሿ ቤት ውስጥ የሚኖሩት ሰዎች ሳይቀሩ ጨውና ስኳር ያበድሯቸው ነበር። እናታችን ስለዚያች ቤት ዋጋ ሲናገሩ ሰምተን አናውቅም። ስለ ክዳኗ ቆርቆሮ ግን ብዙ ይናገሩ ነበር፣ ያፈስ ነበርና።

እናታችን በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ። ቤቷ በ2010 ዓ.ም. ተሸጠችና ስድስቱ ልጆች ተካፈሉ። ለእኛ የደረሰን 310,000 ብር ነበር። ያ ገንዘብ በባንክ ሲቀመጥ ሌላ ገንዘብ አይመስለንም ነበር። መምህርቷ «የእማማ ገንዘብ» እያለች ለይታ ትጠራው ነበር።

አሁን ወደ ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ሌሊት እንመለስ። ወንድም ጋሼ ከተቆጡን በኋላ ልጆቹ ተኝተው፣ ደብተሩን በመካከላችን ዘርግተን ቁጭ አልን። መጀመሪያ በቅንነት ሒሳብ ሠራን። የምንኖርበት ቤት ኪራይ በወር 6,500 ብር፣ በዓመት 78,000 ብር ነበር። ዋጋው ከአምስት አንድ እጅ ይወርዳል ብንል፣ በመጠበቅ የምናተርፈው 290,000 ብር ነው። ይህም የአራት ዓመት ኪራይ አይሞላም። ዋጋው በሁለት ዓመት ከወረደ መጠበቅ ያተርፋል፤ በአምስት ዓመት ከወረደ ግን ትርፉን ኪራዩ በልቶታል። በዚያ ላይ በባንክ የተቀመጠው ገንዘብ በዓመት 7 በመቶ ሲወልድ፣ የገበያው ዋጋ ከ10 በመቶ በላይ ይጨምር ነበር። ስለሆነም ሒሳቡ «ግዙ» አላለንም፣ «ጠብቁ»ም አላለንም። ያለን ነገር ቢኖር «እስከ መቼ መጠበቅ ትችላላችሁ?» የሚል ነበር።

ወታደሩ ከ2008 እስከ 2009 ዓ.ም. በአብዬ በተባበሩት መንግሥታት የሰላም ማስከበር ኀይል ውስጥ አገልግሎ ተመልሷል። ወደፊትም የት እንደሚላክ አይታወቅም። ሁለታችንም የምናስበውን እናውቅ ነበር፤ ቃሉን ግን ማንም ሊያወጣው አልፈለገም። በመጨረሻ ወታደሩ ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ እናቱ ተናገረ። «በ1982 እማማ የኪራይ ቤት ውስጥ ብትሆን ኖሮ እኛ ስድስታችን የት እንሆን ነበር?» አለ። መምህርቷ ደብተሩን ዘጋችው። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው ስለ ትምህርት ቤት ርቀትና ስለ ውኃ ነው።

ይህን የምንጽፈው አንባቢን ለማሳዘን አይደለም። የሠራዊት ቤተሰብ ሁሉ ይህን ጨዋታ በሆነ ሌሊት ተጫውቶታል፤ ያልተጫወተው ካለ ደግሞ አንድ ቀን ይጫወተዋል። ዋጋ እስኪወርድ መጠበቅ ብልህነት ነው፤ በአንድ ሁኔታ ግን፣ ጊዜው የራስ ሲሆን። እኛ የምንጠብቀው ጊዜ ግማሹ የእኛ አልነበረም።

ግዢው ራሱ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ሻጯ ቤቱ በዕጣ የደረሳቸው፣ ልጃቸው ዘንድ ወደ አዋሳ ሊሄዱ የተነሡ ጡረተኛ እናት ነበሩ። ደላላው ሁለት ነበሩ፣ በኋላ አራት ሆኑ፤ በፊርማው ቀን ጭራሽ አይተነው የማናውቅ አንድ ሰው «ያገናኘኋችሁ እኔ ነኝ» ብሎ መጣ። በዚህ ነገር ወጣት መኮንኖችን የምንመክራቸው ቢኖር፣ ሁለት በመቶው ለማን እንደሚከፈል ቤቱን ከማየታቸው በፊት ይጻፉት። ሻጯ በመጀመሪያ 1,550,000 ብር ብለው ነበር። እኛ በብልጠት የምንከራከር መስሎን «ዋጋ እየወረደ ነው እኮ እማማ» አልናቸው። እሳቸውም «ታዲያ ልጆቼ፣ እየወረደ ከሆነ ለምን መጣችሁ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ በኋላ አንድ መቶ ሺውን የቀነሱልን ስለ ክርክራችን ሳይሆን፣ ሟች ባለቤታቸው የክቡር ዘበኛ ወታደር ስለነበሩ እንደሆነ በኋላ ነገሩን።

ገንዘቡ እንዴት እንደሞላ መናገሩ ለሚያስቡበት ሰዎች ይጠቅም ይሆናል። የእማማ ገንዘብ 310,000፣ ከአብዬ የተቆጠበው 420,000፣ የዕቁብ 120,000፣ የመምህርቷ የሠርግ ወርቅ ተሽጦ 85,000፣ ከመምህራኑ የብድርና ቁጠባ ማኅበር 250,000 ብር። ይህ ሁሉ ተደምሮ 1,185,000 ሆነ። 265,000 ብር ጎደለን። ቀብድ ከፍለን፣ ቀን ቆርጠን፣ ሌሊት ሌሊት መተኛት አቃተን።

በዚያ ሳምንት ወንድም ጋሼ 9,500 ዶላር በባንክ ላኩ። ማንም አልጠየቃቸውም። እናታቸው ነግረዋቸው ነው። ደውለን ልናመሰግናቸው ስንል፣ «ለቤቱ አይደለም የላክሁት። ቤቱ እንደሚወርድ ነግሬያችኋለሁ» ብለው ስልኩን ዘጉ። በኋላ ዕዳውን ልንከፍል ስንል በዶላር መቀበልን እምቢ አሉ፤ «ለእማዬ መድኃኒት አውሉት» አሉን። ስለሆነም ያ ዕዳ ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ በፋርማሲ ተከፈለ።

የገባንበት የመጀመሪያ ሌሊት መብራት አልነበረም። ውኃ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ያውም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣ ነበር። ፍሪጁን በደረጃው አራት ፎቅ ያወጡልን ልጆች በየፎቁ ዋጋ እየጨመሩ፣ ሦስተኛው ላይ አቁመው አልንቀሳቀስም አሉ። የቤቱ ቀለም ሰማያዊ ነበር፤ የማንወደው ሰማያዊ። ሆኖም በማግሥቱ ጠዋት ወታደሩ መዶሻ አንሥቶ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ምስማር መታ። በሰባቱ የኪራይ ቤቶች ምስማር መምታት ክልክል ስለነበር፣ ያን ቀን ስድስት ምስማር መታ፤ የሚሰቀል ነገር የነበረው ለሁለቱ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን አሳጥረን እንለፈው። ዋጋው አልወረደም። ዕጣው ወጣ፣ ሰውም ገባ፣ ኪራይም ሆነ ዋጋ ግን ወደ ላይ ሄደ። ግምታችን ተሳስቶ ነበር። ይህን በትሕትና ነው የምንናገረው፤ ቤት ገዝቶ ዋጋው የጨመረለት ሰው ጠቢብ የሆነ ይመስለዋልና። እኛ ጠቢባን አልነበርንም። በምክንያት ገመትን፣ ግምቱ ስቶ ተገኘ፣ የገዛነው ግን በግምቱ ስላልነበር አልተጎዳንም። በዚያው ዓመት አንድ ወዳጃችን «እናንተም ገዛችሁ» ብሎ፣ ገና መሠረቱ ላልወጣ ሕንፃ ያለውን ሁሉ ከፍሎ፣ እስከ ዛሬ ቤቱን አላገኘም። ዋጋው ለእሱም በወረቀት ላይ ጨምሯል።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ተጀመረ፤ ወታደሩም በሁለት ቀን ውስጥ ሄደ። ለአርባ ሰባት ቀናት ድምፁ አልተሰማም። በጥር ወር ደግሞ የመምህርቷ እናት ዐረፉ። ወንድም ጋሼ በወረርሽኙ ምክንያት ሊመጡ አልቻሉም። በዚያ ሐዘን ቤት ውስጥ ከቤተሰቡ አንድም ዐዋቂ ወንድ አልነበረም። በገባን በወሩ የተመዘገብንበት የሰፈሩ እድር፣ በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል ባለው ሜዳ ድንኳን ተከለ፤ ወንበሩን፣ ድስቱን፣ ብርጭቆውን አመጣ፤ ከሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ጎረቤታችን የሠልስቱን ሽሮ ብቻዋን ሠራች። የአሥራ አራት ዓመቱ ልጃችን በድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ሰው ሲቀበል፣ የእድሩ ዳኛ ከጎኑ ቆመው «ይህን በል፣ እንደዚህ እጅ ንሣ» እያሉ አስተማሩት። መምህርቷ በዚያን ሰሞን ስለ ቤት ዋጋ አንድም ጊዜ አላሰበችም። ያሰበችው የእናቷን ፎቶግራፎች ነበር። ከእናቷ ቤት ስታመጣቸው፣ በቨርጂኒያ ያለው ባለ ሣሩ ቤትም አብሮ መጣ። በተመታው ትርፍ ምስማር ላይ ሰቀለችው።

ወታደሩ በነሐሴ 2013 ለአጭር ፈቃድ መጣ፤ ተመልሶም ሄደ። ለመጨረሻ ጊዜ የገባው ሰላም ከተፈረመ በኋላ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ነው። አራቱን ፎቅ ሲወጣ በየፎቁ ቆሟል። ጉልበቱ ነው። ሊፍት የሌለው ቤት መግዛታችንን ያን ጊዜ ብቻ ተጸጸትን።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ2017 ዓ.ም. በእኛው ደረጃ ያለ፣ ከእኛ ጋር የሚመሳሰል ቤት በ5,200,000 ብር ተሸጠ። ሰዉ ሁሉ «ሀብታም ሆናችኋል» አለን። ወንድም ጋሼ ግን ደወሉ። እሳቸው እርሳስና ወረቀት ይዘው ነበር። «ስትገዙት ዶላሩ 28 ብር ነበር፤ ከ51,000 ዶላር በላይ ነው። ዛሬ በ130 ሲካፈል 40,000 ነው። ይወርዳል አላልኋችሁም?» አሉ። ድምፃቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ደስ ያለው ነበር። መምህርቷም «አዎን ጋሼ፣ ብለው ነበር» አለቻቸው። እውነታቸውን ነው። በዶላር ከታየ ወርዷል፤ በብር ከታየ ወጥቷል፤ እኛ ደግሞ ቤቱን በሁለቱም የምንሸጥበት አሳብ የለንም።

ታናሺቱ ዛሬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመፈተን እየተዘጋጀች ነው። ካርቶኑን የፈታችው በገባን በአሥራ አንደኛው ወር ነው። ቀኑን የምናውቀው ታላቅ ወንድሟ ስለተጣላት ነው፤ ለካስ የእሱ ኳስ ከሁለት ቤት በፊት ጀምሮ እዚያ ውስጥ ነበር።

የአራተኛ ፎቅ ጣሪያ በክረምት ያፈሳል። ባለፈው ሐምሌ በልጆቹ መኝታ ቤት ሦስት ባልዲ አድርገናል። የሕንፃው ኮሚቴ ለጥገናው ከየቤቱ ገንዘብ ይዋጣ ሲል፣ የምድር ቤቶቹ ነዋሪዎች «ዝናቡ እኛ ዘንድ አይደርስም» ብለው ተከራክረዋል፤ አባባላቸው ውሸት አይደለም። ለመጪው እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ስብሰባ ተጠርቷል። ወታደሩ በክፍሉ ተረኛ ስለሆነ መምህርቷ ትገኛለች፤ የቆርቆሮውን ዋጋም ከሦስት ሱቅ አስጽፋ ይዛለች።